ኮረብታው ማንን ያያል? የጌቲስበርግን የዋርጌም ካርታ ስሠራ

ብዙ ዋርጌሞች፣ ማለትም ውጊያን በካርታና በዳይስ የሚያስመስሉ የጠረጴዛ ጨዋታዎች፣ ለኮረብታ ያላቸው ሕግ ተመሳሳይ ነው። ኮረብታ ላይ የቆመ ተከላካይ ዳይሱ ላይ አንድ ይጨመርለታል፤ አለቀ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጨዋታውን ግን ያደርቀዋል። ሁሉም ያገኘው ጉብታ ላይ ይወጣና ቁጭ ይላል። የጌቲስበርግን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ለመጫወት ካርታ ስሠራ ይህን ሕግ ከነአካቴው ተውኩት። በእኔ ካርታ ኮረብታ የሚሰጠው ዕይታ ነው። ሌላው ጥቅም ከዚያ ይመጣል።

ጌቲስበርግን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በተካሄደው በዚህ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ፣ ገዢ መሬት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ዙሪያውን የሚቆጣጠር ከፍታ፣ በሁሉም መልኩ አለ። ጥሩው፣ ጥሩ የሚመስለውና ወጥመዱ።

የጀመርኩት ከኮንቱር መስመሮች፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኙ የካርታ መስመሮች ነው። መጀመሪያ መወሰን ያለበት የአንድ ደረጃ ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው። የሰሜኑ ጦር ዋና መስመር የነበረው ሴሜቴሪ ሪጅ ከዙሪያው የሚበልጠው በ12 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደረጃውን 20 ሜትር ብታደርገው ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ሸንተረር ካርታው ላይ የለም! እኔ 5 ሜትር አደረግኩት። ከዚያ በላዩ ባለ ስድስት ጎን ሳጥኖች አሰመርኩ፤ አንዱ ሳጥን 200 ሜትር ነው። ለሳጥኑ ቁጥር ስሰጥ ሜዳ ላይ አማካዩን ከፍታ ወሰድኩ። ሸንተረር ላይ ግን ከፍተኛውን፤ አማካይ ሸንተረርን ይደፈጥጣል።

ዕይታውን የምለካው እንዲህ ነው። መድፍ ደረጃ 5 ላይ ቆሟል እንበል። ጠላት 8 ሳጥን ርቆ ደረጃ 2 ላይ ነው። በመካከል ደረጃ 4 የሆነ ተረተር አለ። የዕይታው መስመር በ8 ሳጥን ውስጥ 3 ደረጃ ይወርዳል። ተረተሩ ከመድፉ 2 ሳጥን ላይ ከሆነ መስመሩ እዚያ ሲደርስ 4.25 ነው፤ በላዩ ያልፋል፤ ጠላት ይታያል። ተረተሩ 3ኛው ሳጥን ላይ ከሆነ ግን 3.875 ነው፤ ጠላት ተሸፈነ። የአንድ ሳጥን ልዩነት ነው። ተጫዋቾች ይህን በየተራው እንዲያሰሉ መጠበቅ ግፍ ስለሆነ፣ ለዋና ዋናዎቹ ኮረብታዎች የማይታዩትን ሳጥኖች አስቀድሜ በግራጫ አጠቆርኳቸው።

ሕጉ ትክክል መሆኑን ያየሁት በደቡቡ ጫፍ ነው። እዚያ ሁለት ኮረብታዎች አሉ። ቢግ ራውንድ ቶፕ ከሊትል ራውንድ ቶፕ በ40 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በተለመደው ሕግ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ትልቁ ነው። ግን ትልቁ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ነው፤ ከላዩ መድፍ ብታቆም ዛፍ ነው የምታየው። የትንሹ ምዕራባዊ ገጽ ግን ዛፉ ተመንጥሮ ነበር። ጁላይ 2 ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ ጦር ዋና መሐንዲስ ጄኔራል ዋረን ሊትል ራውንድ ቶፕ ላይ ወጥቶ ከምልክት ሰጪዎች በቀር ማንም እንደሌለ ሲያይ፣ ጦር ድረሱ ብሎ የላከው ለዚህኛው ነው። በእኔ ካርታ ቢግ ራውንድ ቶፕ ከፍተኛው ቁጥር አለው፤ ግን የሚያየው የጎረቤቶቹን ሳጥኖች ብቻ ነው።

ሊትል ራውንድ ቶፕም ጉድለት አለው። አናቱ ላይ የተጎተቱት መድፎች አፋቸውን ዝቅ አድርገው ከሥራቸው የሚወጣውን እግረኛ መምታት አልቻሉም። ስለዚህ ጎን ለጎን ባሉ ሳጥኖች መካከል የ3 ደረጃ ልዩነት ካለ መድፍ አይተኩስም፤ ውጊያው የእግረኛው ነው። ይህች ሕግ ብቻዋን ተጫዋቾች መድፍና እግረኛ አብረው እንዲያቆሙ አስገደደቻቸው። ማንም ሳይመክራቸው።

ሌላው የከፍታ ጥቅም ጀርባው ነው። ናፖሊዮንን የገጠመው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ዌሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ አብዛኛውን ጦሩን ከሸንተረሩ ጀርባ አስተኝቶ ከፈረንሳይ መድፍ ዓይን ሰውሮታል። ጌቲስበርግ ላይም ጁላይ 3 ወደ 150 የሚጠጉ የደቡብ መድፎች ሴሜቴሪ ሪጅን ሲደበድቡ ብዙው ጥይት በላዩ አልፎ ከኋላ ወደቀ። ከኋላ የነበሩት ግን ከጉዳት አልዳኑም። ስለዚህ ተኳሹ ዒላማውን ከሳተ፣ ዳይሱ ከሸንተረሩ ጀርባ ላለው ሳጥን እንደገና ይጣላል። እዚያ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ጥይትና ፈረስ ነው፤ ተጫዋቾች በጣም ይናደዳሉ፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ብዙ ያከራከረን የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የሲክልስ ጉዳይ ነው። ሰውዬው ጁላይ 2 ፊት ለፊቱ ያለው የኮክ እርሻ ከቆመበት ትንሽ ከፍ ስላለበት፣ ያለ ትእዛዝ ኮሩን (የሚያዝዘውን ትልቅ የጦር ክፍል) ይዞ ወደዚያ ወጣ። ከፍታውን አገኘ። መስመሩ ግን ወደ ውጭ ሾሎ ከሁለት ወገን ተመታ፤ ኮሩ ተሰባበረ፤ እሱም አንድ እግሩን አጣ። አንዳንዱ ተጫዋች ያን ቦታ በካርታው ላይ ቅጣት ስጠው ይለኛል። አልሰጠሁም። የኮክ እርሻው እውነትም ጥሩ የመድፍ ቦታ ነው፤ የደቡቡ ጦር ከያዘው በኋላ መድፎቹን እዚያ አቁሟል። ክፋቱ ያለው ክንፍህን ምን ላይ እንደምታሳርፍ ነው፤ ያንን ደግሞ የሁለት አቅጣጫ ጥቃት ሕጉ ይጨርሰዋል። የሰሜኑን ጦር የሚይዝ ሰው ሁሉ ግን እስካሁን እዚያው ይወጣል።