አሮጌ ታርጋ ለባለቤቱ ይመለስ

ታርጋ ሲቀየር አሮጌው ለመንገድ ትራንስፖርት ይመለሳል። ደንብ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰች መኪና ላይ ሲሆን አንጀቴን ይበላዋል።

የማወራው ስለ አጎቴ ቮልስ ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፣ ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያንን ዳገት ስትወጡ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲለምን እሷ እየጮኸች ታልፋለች። አጎቴ ጉልበቱ ሲደክም ለእኔ ሰጠኝ። ስሟን ላዞር ስሄድ ታርጋውም በአዲስ ይተካ ተባልኩ።

ታርጋው እንግዲህ ቆርቆሮ ነው። ቁጥሩ ከኋላ ተመትቶ ጎልቶ የወጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ። አንዱ ጥግ ታጥፎ በመዶሻ ተቃንቷል፣ ከብሎኖቹ አንዱ ወድቆ በሽቦ ታስሯል። ያንን ሽቦ ያሰረው አጎቴ ራሱ ነው።

«ወንድሜ፣ አሮጌውን ፈተህ ካላመጣህ አዲሱን አልሰጥህም» አለችኝ በመስኮት ያለችው ልጅ።

«እሺ እህቴ፣ ብሱት፣ ቁረጡት፣ ብቻ መልሱልኝ።»

«ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል?» ብላ ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ኃላፊው ጋ ገባሁ፣ ማመልከቻ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ፣ እስካሁን መልስ የለም።

የእነሱም ስጋት እውነት አለው። አሮጌ ታርጋ እጅ ላይ ከቀረ የተሰረቀ መኪና ላይ ሊለጠፍ ይችላል፣ ሰውም ባልነዳው መኪና ይከሰሳል። ግን መፍትሔው መውረስ ብቻ ነው እንዴ? መሀሉን በስቶ «የተሰረዘ» ብሎ ማኅተም መምታት፣ ፋይሉ ላይ ማስፈር፣ ከዚያ ለባለቤቱ መስጠት። የተበሳ ታርጋ ለፍሬም እንጂ ለሌባ አይሆንም።

እንግሊዞች ዘንድ ቁጥሩ በመሠረቱ ከመኪናው ጋር ነው የሚኖረው፣ ባለቤት ቢቀያየርም። የድሮ ቁጥሩ ከመዝገብ የጠፋበት ሰው እንኳ ቁጥሩ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ሰነድ አቅርቦ፣ የታወቀ የአሮጌ መኪኖች ክበብ መስክሮለት ማስመለስ ይችላል። ታዲያ በዚህ መንገድ የተመለሰ ቁጥር ወደ ሌላ መኪና አይዛወርም፣ ስለዚህ ለንግድ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ደግሞ በፈረንጆች 1969 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ አውቶሞቢል በተሠራበት ዓመት የወጣ ታርጋ አስመዝግቦ እንዲነዳ ይፈቀድለታል። እኔ ያን ያህል አልጠየቅኩም። አዲሱን ለጥፌ እነዳለሁ፣ አሮጌውን ግን ስጡኝ ነው ያልኩት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ሌላ ቮልስ ከየት ይመጣል?

ጉዳዩ ያላችሁ ካላችሁ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ወንበሩን አንስታችሁ መሀሉን ስትጠርጉት ታገኙታላችሁ። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው የሚቀመጥበት እግር ሥር ነው። ይሄኛው ነው ጣጣ የሚያመጣው፣ ምክንያቱም የቮልስ ሞተር አራት ቦታ ተፈትቶ ስለሚወርድ ብዙዎቹ ከሌላ ቮልስ የተበደሩት ሞተር ነው ያላቸው። ሊብሬው ላይ ያለው ሌላ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ ስለ ታርጋ ማውራት ቀርቶ ስም ማዞሩም ይቆማል። የሞተር መግዣ ደረሰኝ ካለ ፈልጉ።

ታርጋውን ከመፍታታችሁ በፊት መኪናው ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ቀለም አትቀቡት፣ ተዉት እንዳለ። ቢሮ በር ላይ «እኔ አስቀርልሃለሁ፣ ጠፋብኝ ብለህ ብቻ ፈርም» የሚል ደላላ አይጠፋም። ለፖሊስ ጠፋ ብላችሁ ያስመዘገባችሁት ታርጋ ነገ ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ ቢገኝ ደላላው ስልክ አያነሳላችሁም።