ጥር 13 ቀን 2005፣ ኔልስፕሩት፣ ደቡብ አፍሪካ

አባቴ «54 ዓ.ም. ላይ ስታዲየም ነበርኩ» ይላል። በእሱ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ከሆነ ያ ስታዲየም የከተማውን ግማሽ ይዞ ነበር ማለት ነው። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ እኛ ቤት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ግብፅ ሁለቴ መራችን፣ ሁለቴም አቻ ሆንን። በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ አገባ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደገመ፣ 4 ለ 2። ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡ። አለቀ።

እኔ ግን ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ሳላይ ፀጉሬ መሸሽ ጀመረ። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ 31 ዓመት ቀርተናል። ከመሥራቾቹ አንዷ እኛ መሆናችን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በ1949 ካርቱም ላይ ውድድሩ ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥቅምት 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ስናልፍ በነጋታው የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ሄደን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጭ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አዳኑን።

ጆሃንስበርግ ገብቼ ያረፍኩት ጂፒ ነው፤ ሀበሻው ሁሉ ያለበት ሰፈር። ሽሮው አለ፣ ጥብሱ አለ፣ ቡናው ይፈላል፣ ደላላው ይጮኻል። ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ትንሽ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ የመጣሁት ሌላ አገር ላይ ነበር።

እሁድ የመጀመሪያ ጨዋታችን ወደሚደረግበት ወደ ኔልስፕሩት ተነሳን። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሚኒባሱ የ14 ሰው ሲሆን 17 ሆነን ገባን፤ በዚህ በኩል አገሬ አልናፈቀኝም። መንገዱ ጉድጓድ ስለሌለው ያስተኛል፤ የሚያባንንህ የክፍያ ኬላ ብቻ ነው። ሾፌራችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አስመራ ያደጉ ሰው ናቸው። አንዱ ልጅ ስለ 54ቱ ዋንጫ መደስኮር ሲጀምር «አምበሉ የማን አገር ልጅ ነበር?» አሉት በመስታወቱ እያዩት። ልጁ ዝም አለ። «ሉቻኖም ኢታሎም የአስመራ ልጆች ናቸው። ይኼንንም ጨምረህ አውራ» አሉና ሬዲዮ ከፈቱ።

ማታ ደረስን። በስልክ 400 ራንድ የተባልኩት አልጋ በሩ ላይ 1,100 ሆነ። «ጨዋታ አለ» አለኝ ሰውዬው፣ ፈገግ ብሎ። ለጥምቀት ጎንደር የሚጠሩት ዋጋ ትዝ አለኝ። እዚያስ ተናድጄም ቢሆን እከፍላለሁ፤ ቢያንስ ታቦት አለ። እዚህ እምቢ አልኩና ሚኒባስ ውስጥ አደርኩ። ቆላ ነው፤ ሌሊትም አይበርድም። መስኮት ሲከፈት ትንኝ፣ ሲዘጋ የ17 ሰው እግር። ማን ካልሲውን እንዳወለቀ አውቃለሁ፣ አልናገርም።

ጠዋት የጥርስ ብሩሽ ይዘን በየአጥሩ ስንዞር አንዲት ሴትዮ አዩን። በራቸውን ከፍተው የግቢያቸውን ቧንቧ አሳዩን፣ ቀጥለው ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አመጡ። ብር ብናወጣ ተቆጡን። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅንም። ከዚያ ጉዞ በጣም የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ሻይ ላይ ሳለን ጋሼ ጣታቸውን እየቆጠሩ «ዛሬ ጥር 13 አይደል እንዴ?» አሉ። የ54ቱ ፍጻሜም ጥር 13 ነበር። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ልክ ናቸው፣ 51 ዓመት ሞላው።

ስታዲየሙ ቀጭኔ ይመስላል። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ ናቸው፣ መቀመጫው እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ። ሣሩ ግን ያሳፍራል፣ ቦታ ቦታው ላይ አሸዋ ነው። መቀመጫው በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተሸፍኗል። ሰኞ ነው፤ ሎኬሽን (የጥቁሮቹ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ያላቸው ልጆች ዘግተው መጥተዋል። የአንድ ቀን ገበያ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

11 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ተጋጣሚያችን ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላዲን መታ፣ በረኛቸው ምዊኔ አዳነው። ራሴን ይዤ ሳልጨርስ በረኛችን ጀማል በቀይ ወጣ። ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ መዝነብ ጀመረ፣ ጨዋታው ቆመ። አፈርኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት፤ «አንተ ከአዲስ አበባ ነው የመጣኸው፣ እኔ እዚህ ስንት ዓመት የጠበቅሁ ነኝ» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ምቤሱማ አገባብን።

በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ። በ10 ሰው! ጎሉን አላየሁትም። ፊት ለፊቴ ባንዲራ ነበር። ባንዲራው ሲወርድ ሰው ሁሉ ሰው ላይ ወጥቷል፣ እኔም የማላውቀው ሰው አንገት ላይ ነኝ። 1 ለ 1 ተለያየን፣ እንዳሸነፈ ሰው ጨፈርን።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። የቡርኪናን ጂፒ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁ፣ የናይጄሪያን አዲስ አበባ።

ያን ሰኞ ማታ ግን ስንመለስ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመን አባቴ ጋ ደወልኩ። እሱ በቴሌቪዥን አይቶታል፣ በዝግታም እየደጋገሙ አሳይተውታል። ኳሷ ከማን እንደመጣች፣ በረኛው የት እንደቆመ ሊያስረዳኝ ጀመረ።

«አባባ፣» አልኩት፣ «ስታዲየም ነበርኩ እኮ።»