«ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ»

መስከረም 13

ዛሬ ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋ ቀን ነው። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በዚህ ዕለት ስለነበር ነው ቀኑ የተመረጠው። ስለ አስተርጓሚ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሕግ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ሁሉ የሚቀድመው ቦታ ነው፦ ቤት፣ የረከቦቱ ዙሪያ።

ቡናው ተፈልቶ አክስት አንድ ነገር ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መስማት የተሳነው ልጅ የአንዱን ፊት አይቶ ወደ ሌላው ይዞራል፣ የእናቱን ክንድ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» ይላል በእጁ። እናት መዳፏን ዘርግታ «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ትለዋለች። በኋላ ስትነግረው የ10 ደቂቃው ጨዋታ «ስለ ጎረቤት ነው» በሚል ያልቃል። ክፋት የለበትም፤ ደክሟታል፣ ምልክቱንም አታውቅም። ግን የሚሰማው ወንድሙ እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ዘመድ በምን እንደተጣላና በምን እንደታረቀ፣ ቤት እንዴት እንደሚከራይ፣ ሐኪም ምን እንደሚጠየቅ፣ ሰውን ሳያስቀይሙ እምቢ እንዴት እንደሚባል ተምሮ ይነሳል። ሰው መብቱን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ወሬ ነው።

ብዙ ቤተሰብ «እኛ እኮ እንግባባለን» ይላል። እውነት ነው፣ በቤት ውስጥ የተፈጠሩ ምልክቶች አሉ። ቆም ብሎ ምን ምን እንደሆኑ መቁጠር ግን ይጠቅማል። አብዛኛውን ጊዜ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «አትንካ»፣ «ና» ናቸው፤ ትእዛዝ ብቻ። «ለምን»፣ «ማን»፣ «መቼ»፣ «ነገ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት የሉም። ትእዛዝ ብቻ የተሰጠው ልጅ መታዘዝ እንጂ መጠየቅ አይችልም። ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በለቅሶ ቀን ነው። ሌሊት መርዶ ይመጣል፣ ንጋት ላይ ድንኳን ይተከላል፣ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። ልጁ ማን እንደሞተ የሚነግረው የለም። ከሳምንታት በኋላ አያቱ ሳትመጣ ስትቀር ነው ራሱ የሚደርስበት።

ስለዚህ መጀመሪያ መማር ያለባቸው ቃላት የጥያቄና የጊዜ ቃላት ናቸው። ከኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ በሳምንት 10 ምልክት መያዝ ለማንም አይከብድም፤ በዓመት ከ500 በላይ ይሆናል። የሚማረው ግን መላው ቤት ነው፤ አያትም፣ ታናሽ ወንድምም፣ የቤት ሠራተኛም። ምርጡ አስተማሪ ራሱ መስማት የተሳነው ጎልማሳ ነው። ቋንቋው እጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊቱም ላይ ስለሆነ ከመጽሐፍ ሥዕል ፊቱ አይገኝም። ልጁም አድጎ ሥራ የያዘ፣ ትዳር የመሠረተ መስማት የተሳነው ሰው በዓይኑ ያያል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት አለ፤ የጣት ፊደልን ተምሮ ቋንቋውን ያወቁ መምሰል። የእኛ የጣት ፊደል በእርግጥ ያምራል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ይለያል፤ ሀ ሁ የቆጠረ ሰው አወቃቀሩን ወዲያው ይረዳዋል። ጥቅሙ ግን ለሰው ስም፣ ለቦታ ስም፣ ለአዲስ ቃል ነው። የ3 ዓመት ልጅ ፊደል ገና አልቆጠረም፤ «ውሃ» እያሉ በጣት ቢጽፉለት ምንም አይገባውም።

አቀማመጡም ይታሰብበት። ለመስኮት ጀርባውን የሰጠ ተናጋሪ ፊቱ ይጠቁራል። ልጁ ራሱ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ብርሃኑ የሌሎቹ ፊትና እጅ ላይ እንዲያርፍ። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ የሚበራው በተናጋሪው እጅ ላይ እንጂ በልጁ ዓይን ላይ አይደለም። ለመጥራት ትከሻን ነካ ማድረግ፣ እጅ ማወዛወዝ ወይም ወለሉን መምታት ይበቃል፤ አገጭ ይዞ ፊትን ማዞር ግን ነውር ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቅ፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ በጣት ይጠቆም። ሳቅ ከተነሳ ያኔውኑ ይነገረው፤ በኋላ የተነገረ ቀልድ አያስቅም።

«ምልክት ከተማረ መናገር ይተዋል» የሚል ፍርሃት አለ። ምልክት ንግግርን አያዳክምም። ልጅን የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ቋንቋ ሳይኖረው መቅረቱ ነው። ጠበል የሚወስዱትም ይውሰዱ፣ እምነታቸው ነው፤ ምልክቱ ግን ጠበሉ እስኪያልቅ አይቆይ። ምርመራም እንዲሁ ነው። ድስት ከኋላው መትቶ «ዞረ፣ ይሰማል» ማለት ብዙ ቤተሰብን ዓመታት አስቆጥሯል፤ ልጁ የዞረው ንዝረቱ ተሰምቶት ወይም ጥላ አይቶ ይሆናል። በተለይ ማጅራት ገትር የታመመ ልጅ እንደዳነ ሳይውል ሳያድር የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከቤት ሲወጣ ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በታላቅ እህት ላይ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ለወንድሟ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ትሆናለች፤ የማይነገራትን ምስጢር ትሰማለች፣ ያልገባትን ትዘላለች። አዋቂም ቢሆን አብሮት የሚሄደው በሐኪሙና በእሱ መካከል ገብቶ አይቁም፤ ከሐኪሙ ጎን ይሁን፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይን እንዲያያቸው። ሐኪሙ «የት ነው የሚያመው?» ብሎ እናትን ሲጠይቅ መልሱ «እሱን ይጠይቁት፣ እኔ አስተረጉማለሁ» ነው። ወረቀት ላይ መጻፍም ሁልጊዜ አያድንም፤ አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው።

ገንዘብና ፊርማ ላይ ሲደርስ ፍቅር ራሱ እንቅፋት ይሆናል። «እሱ ምን ያውቃል» ተብሎ ወንድም ይፈርምለታል፣ ደመወዙን አባት ይቀበልለታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340፣ በዘላቂ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መምራት ላቃታቸው፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውን ጨምሮ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ እንዲችሉ ይፈቅዳል። ለራሳቸው ጥቅም የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፤ ዘመድ እንዲፈርምላቸው የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ከሌላው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ቤተሰብ ማድረግ ያለበት ውሉን ቃል በቃል አስረድቶ ፊርማውን ለባለቤቱ መተው ነው።

ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ሲጠየቅ በቃል አይሁን። ምልክት የሚያውቅ መምህር ወይም አስተርጓሚ እንዲመደብ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ፣ ሌላው ላይ ቀንና ቁጥር ተጽፎ ማህተም ተመትቶበት ይመለስ። በቃል የተጠየቀ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ልጁ ፊደል ከቆጠረ ማመልከቻውን አብሮ ይጻፍ፤ ስለ እሱ የሚጠየቀውን ይወቅ።

ደመራ ሊለኮስ 3 ቀን ቀርቶታል። ልጁ በየዓመቱ እሳቱን ያያል፣ ችቦውንም ይይዛል፤ ለምን እንደሚነድ ግን ነግሮት የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ንግሥት፣ መስቀል፣ ጭስ፣ መፈለግ፣ መቆፈር፣ ማግኘት። ስድስት ምልክት ነው፣ በቀን ሁለት።