ያልተጋገረ ዳቦ

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ኮንትራክተር ቦይ ሲያስቆፍር ኤክስካቫተሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመብራት ገመድ በጠሰ። ከቦዩ ማዶ በጠበቃነት የቆምኩለት ደንበኛዬ ዳቦ ቤት አለ፤ ምድጃው በመብራት ነው የሚሠራው። የቦካው ሊጥ ተበላሸ። መብራት እስኪመለስ ቤቱ ተዘጋ።

ደንበኛዬ ሐጂ ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። "ልጄ፣ ሊጡስ ሊጥ ነው፤ የቀረብኝን ሽያጭ ማን ይከፍለኛል?" አሉኝ። "አብሽሩ ሐጂ" ብዬ ክሱን አዘጋጀሁ።

የተከሳሽ ጠበቃ በሊጡ ላይ ብዙም አልተከራከሩም። "ገመዱ የከሳሽ ንብረት አይደለም። የሊጡን ዋጋ እንክፈል። ያልተጋገረ ዳቦ ግን አይካስም" አሉ። ለዚህ የጠቀሱት የእኛን ሕግ ሳይሆን የበርሚንግሃሙን የስፓርታን ስቲል ጉዳይ ነው። ሕግ የተማረ ያውቀዋል። ቆፋሪዎች ገመድ በጥሰው የአንድ ብረት ፋብሪካ መብራት ለ14 ሰዓት ተኩል ተቋረጠ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ምድጃ ውስጥ ሳለ ለተበላሸው ብረት 368 ፓውንድ፣ ከዚያው ብረት ይገኝ ለነበረው ትርፍ ደግሞ 400 ፓውንድ ፈቀደ። መብራት በመጥፋቱ ጭራሽ ያልቀለጡት የአራት ዙር ብረቶች ትርፍ፣ 1,767 ፓውንድ፣ ተከለከለ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ዴኒንግ የፈሩት ይህ በር ከተከፈተ ክሱ ማቆሚያ እንዳያጣ ነው።

እስካሁን የሚቆረቁረኝ ጠበቃው የዘለሏት ነገር ናት። በዚያው ፍርድ ብንሄድ እንኳ ከተበላሸው ሊጥ ይገኝ የነበረው ትርፍ ይከፈላል። እሳቸው ግን የሊጡን ዋጋ ብቻ አቅርበው ቀሪውን በባዕድ ሕግ ሊዘጉብን ፈለጉ። የሌላ አገር ፍርድ መጥቀስ ነውር የለውም። ግማሹን ቆርጦ ለዳኛ ማቅረብ ግን ነውር ነው።

ተነሥቼ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አነበብኩ። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል፤ የተበላሸ ዕቃንና የቀረ ገቢን አይለይም። 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ጉዳቱ በተለምዶ ሊገመት ከሚችለው በላይ ከሰፋ 2101 አለ፤ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ልክ፣ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል። "ሕጋችን ዳኛውን መዝነህ ቀንስ ነው ያለው። በሩን ዝጋ አላለም" አልኩ።

ጠበቃው ወዲያው መንገድ ቀየሩ። "እንግዲያው ሐጂ የዕለት ሽያጫቸውን ለግብር ካሳወቁት ጋር ያሳዩን።"

ሐጂ ያኔ ደረጃ ሐ የሚባለው ዝቅተኛ ግብር ከፋይ ነበሩ፤ የሂሳብ መዝገብ አልነበራቸውም። ዳኛው የቀረው ሽያጭ ይካሳል ብለው ወሰኑ። ልኩ በማስረጃ ስላልታወቀ ግን በ2102 መሠረት በርትዕ ቆረጡት። ከጠየቅነው በብዙ ያነሰ ነው። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀበሉ። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ በሕጉ አሸንፈን በደረሰኝ እጦት ነው የተረታነው።

ወሬው እንደተሰማ አንዲት ሻይ ቤት ያላቸው እናት ቢሮዬ መጡ። ዳቦ የሚረከቡት ከሐጂ ነበር። በእነዚያ ቀናት ቁርስ የሚበላ ደንበኛ አጥተዋል።

"እማማ፣ የእርስዎ ይከብዳል" አልኳቸው።

"ለሐጂ የተከፈለው ለእኔ ምነው ከበደ? የጠፋው ዳቦ አንድ አይደለም?"

ቆፋሪው ዳቦ ቤቱን በዓይኑ እያየ ነው የቆፈረው፤ እርስዎ ያሉት ከተማው ማዶ ነው አልኳቸው። ዳቦ ከሌላ ቤት መግዛት ይችሉ ነበር፣ ጉዳቱን መቀነስ የእርስዎም ግዴታ ነው ብዬም ጨመርኩ። በዚህኛው ዛሬም አምናለሁ። በመጀመሪያው ግን ስናገረው እንኳ ልቤ አልሞላም። ሩቅ ያለ ተጎጂ አይካስም የሚል ቁጥር አንብቤ አላውቅም፤ 2101ም ቢሆን ቀንስ እንጂ ከልክል አይልም።

ያም ሆኖ ጉዳያቸውን አልያዝኩም። ለጠበቃና ለዳኝነት የሚያወጡት ከሚያገኙት ይበልጣል ብዬ ፈራሁላቸው። እሳቸው ግን ሌላ ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። ጠበቃቸው ደውለው በሐጂ ጉዳይ ያቀረብኩትን የጽሑፍ ክርክር ቅጂ ጠየቁኝ። የሐጂን ፈቃድ አግኝቼ በዚያው ቀን ላክሁላቸው፤ 2101ን ከሁሉ አስቀድመው እንዲያነሱም ነገርኳቸው።