በሥርዓት ያልተዘጋ ኮምፒውተር አፕዴት አይገባለትም
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ማሠልጠኛ 12 ኮምፒውተሮችን ከተለመደው ፌዶራ ሊኑክስ ወደ ቡትሲ (bootc) አዛውሬአለሁ፤ ቡትሲ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል አፕዴት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ምክንያቱ መብራት ነው። የፌዶራ ፕሮግራም መጫኛ የሆነው ዲኤንኤፍ ፓኬጅ እየቀየረ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሲስተም ይቀራል። በቡትሲ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከነከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አንድ የኮንቴይነር ኢሜጅ፣ ማለትም አብሮ የታሸገ የፋይሎች ጥቅል ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል እንጂ በሥራ ላይ ያለውን አይነካም።

ኢሜጁን በአንድ ማሽን ላይ ፖድማን በተባለ የኮንቴይነር መሣሪያ ሠርቼ በውስጥ ኔትወርክ ወዳለ ሬጅስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ) እልካለሁ። የኢሜጁ አሠራር መመሪያ በሆነው ኮንቴይነርፋይል ላይ እንደ ሊብሬኦፊስ ያለው ከባድ ነገር ይቅደም፤ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩት የኮንፊግ ፋይሎች መጨረሻ ይግቡ። አንድ መስመር ሲቀየር ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ገልብጬው ስለነበር የፕሪንተር ስም በተለወጠ ቁጥር ሊብሬኦፊስ በ12ቱም ላይ እንደገና ይወርድ ነበር።

ያደከመኝ ግን ሌላ ነው። አዲሱን ኢሜጅ የሚያወርደው «ቡትሲ አፕግሬድ» ሲያልቅ «ቡትሲ ስታተስ» አዲሱን ኢሜጅ ስቴጅድ ብሎ ያሳያል። በማግስቱ ሦስቱ ማሽኖች ያለ አንዳች የስህተት መልእክት በአሮጌው ተነሡ። ለካ ስቴጅድ ማለት ወርዶ ተዘጋጅቷል ማለት ብቻ ነው፤ ቡት ሜኑ ውስጥ የሚገባው ማሽኑ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። እስከዚያ ድረስ የስቴጅዱ መዝገብ ያለው «ስላሽ ራን» (/run) በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ሚሞሪ ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ወይም ሰው ከሶኬት ሲነቅል አብሮ ይጠፋል። ሌየሮቹ (ኢሜጁ የተሠራባቸው ንብርብሮች) ዲስክ ላይ ስላሉ ትእዛዙን መድገም ቀላል ነው፤ ያልተደገመለት ማሽን ግን በአሮጌው ይቀጥላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ መብራቱ ስለማያስተማምን አሁን ጠዋት፣ ሠልጣኞች ሳይገቡ፣ «ቡትሲ አፕግሬድ»ን «አፕላይ» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ አስኬደዋለሁ፤ እንደጨረሰ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል።

አዲሱ ካስቸገረ ወደ አሮጌው ለመመለስ «ቡትሲ ሮልባክ» ብሎ ሪስታርት ማድረግ ነው። አውቶማቲክ አፕዴት ክፍት ከሆነ አስቀድማችሁ አፕዴቱን በየጊዜው የሚያስነሣውን ታይመር አጥፉ፤ አለዚያ ያንኑ የተበላሸ ኢሜጅ መልሶ ያመጣዋል። ዳታ የሚቀመጥበት ፎልደር «ስላሽ ቫር» (/var) አብሮ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዳታቤዝ ካለ ባክአፑ ለብቻው ይያዝ።

የኮንፊግ ፋይሎች ያሉበት «ስላሽ ኢቲሲ» (/etc) ውስጥ በእጅ የተነካ ፋይል ደግሞ ከዚያ በኋላ የኢሜጁን ለውጥ አይቀበልም። አንድ ማሽን ላይ ሰዓት የሚያስተካክለውን የክሮኒ ፕሮግራም ፋይል በእጄ ስላስተካከልኩ ኢሜጁ ላይ የቀየርኩት የሰዓት ሰርቨር ለ11ዱ ደርሶ ለእሱ ብቻ ሳይደርስ ቀረ። እንዲህ ያሉትን ፋይሎች «ኦስትሪ አድሚን ኮንፊግ ዲፍ» (ostree admin config-diff) የሚለው ትእዛዝ ይዘረዝራቸዋል።