ናፍቆት ሲብስ ወደ ኤደን ሴንተር

ብላክስበርግ በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ያለች የተማሪ ከተማ ናት። አየሯም ሰላሟም ያስመሰግናል፤ ይሁን እንጂ በእኔ ሰፈር ቡና ሲቆላ የሚሸት ቤት የለም። የሀገር ቤት ናፍቆት የሚበረታብኝ ደግሞ ሐዘን ሲኖርብኝ ሳይሆን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው። እንዲህ ሲሆን ከአንዲት ቬትናማዊት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን፣ ቅዳሜን ጠብቀን፣ ዋሽንግተን አጠገብ ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው የቬትናማውያን ገበያ፣ ወደ ኤደን ሴንተር እንሄዳለን። ለሐበሻ ናፍቆት የቬትናም ምግብ ምን ይፈይዳል ብለው የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስላሉ፣ ያለፈው ሳምንት ጉዞ ከአእምሮዬ ሳይወጣ መልሱን ለራሴ ልጽፈው ፈለግሁ።

መንገዱ ወደ 420 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 81 ቁጥር አውራ ጎዳና የጭነት መኪና የሚበዛበት ቢሆንም፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ግራና ቀኝ ተራራ እያሳየ ስለሚጓዝ አይሰለችም፤ ስትራስበርግ አጠገብ ወደ 66 ቁጥር ታጥፈን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ካዞርን በኋላ ግን ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና የዋሽንግተን ዳርቻ የመኪና ጭንቅንቅ ይቀበለናል። ባልደረባዬ የሁዌ ከተማ ልጅ ናት። መንገዱን ሙሉ የምታጫውተኝ በከተማዋ ስም ስለሚጠራው ቡን ቦ ሁዌ ስለተባለው በርበሬ የበዛበት የኑድል ሾርባ ነው፤ ሾርባው ጠረኑን የሚያገኘው ከጠጅ ሳር ነው፤ እኛ ደጃፋችን ተክለን ከሻይ ጋር የምናፈላው ያው ጠጅ ሳር ማለት ነው።

ኤደን ሴንተር ከ100 በላይ የቬትናም ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያሉበት የገበያ ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 1975 የደቡብ ቬትናም መዲና ሳይጎን በሰሜኑ ጦር እጅ ስትወድቅ ወደዚህ አካባቢ የመጡት ስደተኞች መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን ውስጥ፣ ክላረንደን በሚባለው ሰፈር ነበር። የምድር ባቡሩ ሥራ አልቆ የቤት ኪራዩ ሲንር ከዚያ ተነሡና በ1980ዎቹ ወደ ፎልስ ቸርች መጥተው እንደገና ተተከሉ። የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ የሚያስታውስ የሰዓት ማማ አቁመዋል። ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን ሦስት ቀይ መስመር ያለው ቢጫ የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ይውለበለባል፤ ያ መንግሥት ከጠፋ ዘመን ቢቆጠርም ባንዲራው እዚህ አልወረደም።

ባልደረባዬ ያደገችው ግን በዛሬዋ ቬትናም፣ ኮከብ ባለበት ቀይ ባንዲራ ሥር ነው። በዚያ በኩል ስናልፍ ዝም ትላለች። እኔም የባንዲራ ነገር ሲነሣ በአንድ ማዕድ የተቀመጠ ቤተሰብ ሳይቀር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ሀገር ልጅ ነኝና ምክንያቱን አልጠይቃትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልቤን የነካኝ ነገር አየሁ። ምግብ የሚያቀርቡልን አዛውንት እናት፣ ባልደረባዬ ስታዝዝ ሰምተዋት በአነጋገሯ የሁዌ ልጅ መሆኗን ለዩ፤ ጥቂት ጠያየቋት፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብተው ያላዘዝነውን ቅጠላ ቅጠል በሰሃን ከምረው አመጡና በፊቷ አስቀመጡላት። ከሾርባው ቀምሳ «እናቴ ጠጅ ሳሩን ከዚህ ታበዛዋለች» አለችኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም፤ እናቷን አብራን እንድትቀመጥ መጥራቷ ነበር።

እኔ ያዘዝሁት ፎ የተባለውን የኑድል ሾርባ ነው። አጥንቱ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ይቆያል፤ ዝንጅብሉና ሽንኩርቱ እሳት ላይ ከተለበለበ በኋላ ይገባል፤ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ኮከብ የሚመስለው አኒስና ከኮረሪማ ጋር የሚዛመደው ጥቁር ሄል በደረቁ ይታመሳሉ። ከጎን የሚቀርበው ቅጠል ደግሞ የበሶብላ ወገን ነው። ጎድጓዳው ሰሃን ላይ ጎንበስ ስል ፊቴን የሚመታኝ እንፋሎት ቅቤ ሲነጠር እንደዋለ ቤት ይሸታል፤ ያን ጊዜ የት እንዳለሁ ለአፍታ ይጠፋኛል። በሾርባው ውስጥ ሽንፍላ አለበት፤ በስሱ ተቆርጦ፣ ነጥቶ፣ ጥርስ ላይ ኮርሸም ኮርሸም የሚል። ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም እያልን ላደግን ሰዎች፣ እንዲህ አጥርቶ ለማዕድ ያበቃውን እጅ አለማመስገን አይቻልም።

እንግዲህ ለወዳጆቼ መልሴ ይኸው ነው። የቬትናም ምግብ የእኛን ምግብ አይተካም፤ ዶሮ ወጥን የሚተካ ምግብ አላውቅም። እኔን የሚያጽናናኝ፣ ጨጓራ የማይጸየፍ፣ ቃሪያ የማይፈራ፣ ቅመም አምሶ ለመውቀጥ ጊዜ የማይሰስት ሕዝብ መካከል መቀመጤ ነው። ሰሃኑ መሐል ላይ ቀርቦ ሁሉም እጁን ይሰድዳል፤ ታላቅ ለታናሽ እየቆረሰ ያቀርባል። በሥራ ቦታ ሁሉም የየራሱን ዕቃ ከፍቶ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ሲበላ ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቡናቸውም ቢሆን ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ስለሆነ ለእኔ ይከብደኛል፤ ሆኖም በትንሿ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ እስኪወርድ ድረስ ጨዋታ ይይዛል፤ ቡና ጨዋታ ካላመጣ ምኑ ቡና ነው?

አመሻሹ ላይ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደሚርቀው ቤይሊስ ክሮስሮድስ ተሻግረን እንጀራና ሽሮ ገዛሁ። ባልደረባዬ በተራዋ በየዓይነቱ በላች፤ ጎመኑን ወደደችው። ሥጋ አለመኖሩን አይታ ስትጠይቀኝ ስለ ጾም አጫወትኋት፤ እሷም በቤታቸው በጨረቃ አቆጣጠር የወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ እንደማይበላ ነገረችኝ። ቩ ላን የሚባለው፣ ለእናት ክብር የሚሰጡበት በዓላቸው ብዙ ጊዜ ከእኛ ነሐሴ ጋር ይገጥማል፤ እኛም ያን ወቅት የእመቤታችንን ፍልሰታ እንጾማለን። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አብረን ልንመለስ ተስማምተናል፤ እሷ ከአኩሪ አተር ከሚዘጋጀው ቶፉ የሚሠራውን የጾም ምግባቸውን ታስቀምሰኛለች፤ እኔ ደግሞ የጾም ሽሮ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሥራ እንደወጣን እንነሣለን።