አፍንጫዬን ላድን ብዬ ፊቴን አቃጠልሁ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ የነሐሴ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳላስነጥስ ያሳለፍሁበት ዓመት የለም። ምክንያቱም ከአጥራችን ሥር እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ የሚበቅለው ፈረምሲሳ ነው። በሌላው አካባቢ ቅንጬ አረም፣ በግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ፓርቲኒየም የሚባለው ይህ አረም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ መታየት የጀመረ ሲሆን፣ ብናኙ አፍንጫን፣ ዓይንንና ቆዳን ያስቆጣል።

ያለ ክኒን ለመዳን የሞከርኋቸው ነገሮች አብዛኞቹ ጉዳት አላደረሱብኝም። የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮዬን አለዘበልኝ፤ በጨርቅ የተቋጠረ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ማሽተቱ ለጥቂት ደቂቃ አፍንጫዬን ከፈተልኝ። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ግን ፈልቶ በበረደ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ አፍንጫን ማጠብ ነው፤ ውኃውን ሳያፈሉ ከቧንቧ ቀድቶ መጠቀም ግን አይገባም።

ጥፋቴ የጀመረው በጤና አዳም ነው። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ጠዋት ከግቢያችን አንድ እፍኝ ቀጥፌ በመዳፌ አሸሁና፣ ማሽተቱ አልበቃኝ ብሎ ጭማቂውን በአፍንጫዬ ዙሪያ፣ በላይኛው ከንፈሬና በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ እንደ ቅባት ለቀለቅሁት። ከዚያም ለባጃጅ የማወጣውን ልቆጥብ ብዬ በእግሬ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ ሄድሁ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ስመርጥ እኩለ ቀን ሆነ። በዕለቱ ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ ፊቴ መለብለብ ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ስነሣ በቀኝ ጉንጬ ላይ አራት ጣቶቼ ያለፉበት መስመር አንድ በአንድ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

እናቴ ገና ስታየኝ «ምች ነው የመታህ ልጄ» አለችና ዳማከሴ ከጤና አዳም ጋር ጨምቃ ፊቴንና አንገቴን አሸችኝ። እኔም ሳልከራከር፣ ያው ጭማቂ ፊቴ ላይ እያለ በረፋድ ፀሐይ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። የመረመረኝ ባለሙያ ምን እንደቀባሁ እንኳን ሳይጠይቀኝ አልማዝ ባለ ጭራ ነው ብሎ በቀን 5 ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። ያ በሽታ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ እንደሆነ፣ የእኔ ግን በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ እንዳለ ብነግረው «ሐኪሙ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«ፊትዎ ላይ ምን ቀብተው ነበር?» ብላ የጠየቀችኝ ክኒኑን ልገዛ የገባሁበት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ጤና አዳም ውስጥ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ እንደሚያደርግ፣ ጉዳቱ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው መነሻውን እንደማያገኘው አስረዳችኝ። ቀዝቃዛ ጨርቅ እንዳደርግበት፣ የቋጠረውን እንዳላፈርጠውና ከፀሐይ እንድርቅ መከረችኝ። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ ቡናማው ምልክት ግን በጥምቀትም ጉንጬ ላይ ነበር።

በእናቴ አልፈርድባትም። በአያቴ ቤት ለምች የታሸ ሰው ጋቢ ተከናንቦ በጨለማ ክፍል ይተኛ እንደነበር ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ፀሐይ የማያገኘውን ሰው ጭማቂው እንዴት ያቃጥለዋል? እኔ የሕክምናውን ግማሽ ወስጄ ግማሹን ቤት ትቼ ቀፊራ ወረድሁ።

የጤና ባለሙያዎች ዕፅዋትን በጠቅላላ ተዉ ሲሉ አልስማማም፤ ዝንጅብሉንም ጥቁር አዝሙዱንም አልተውሁም። ሆኖም ካሞሚል፣ አሪቲና ጭቁኝ ከፈረምሲሳ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በአረሙ የሚያስነጥስ ሰው ባይነካቸው ይሻለዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጤና አዳምን ፈጽሞ እንደ መድኃኒት መጠጣት የለባትም። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሰው ቅጠል ሳይፈልግ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።

አረሙ በበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ስለሚያብብ ዘንድሮ በነሐሴ መጀመሪያ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጌ የአጥሬን ሥር ነቀልሁት። የሰፈራችን የነቀላ ዘመቻ የተጠራው አረሙ አብቦ መንገዱ ዳር ነጭ በነጭ ከሆነ በኋላ ነበር፤ ለምን ቀረህ ቢሉኝም በሬን ዘግቼ ቤቴ ዋልሁ።